የረቡዕ ከሰዓት ሲጋሮች

ዞራይዳ በዚያ ጠዋት ቡናዋን አልጠጣችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስኳር የበዛበት ቡና ሳትጠጣ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን አፏን በውሃ ብቻ ተጉመጥምጣ ወደ ሲጋር ፋብሪካው ገሰገሰች። ጣፋጭ የቀመሰ ምላስ ትንባሆ አይዳኝም፤ ዛሬ ደግሞ ምላሷ የሚፈተንበት ቀን ነው።

በኩባዋ ፒናር ዴል ሪዮ ካሉት ሲጋር ጠቅላዮች መካከል፣ ሲጋር እያጨሱ ጥራቱን የሚዳኙበትን የቀማሽነት ወንበር የማይመኝ የለም። የዞራይዳ ምኞት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ጊዜ ጠይቃ፣ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አሁን አንድ ቀማሽ ጡረታ ወጣና ሦስተኛ ዕድል መጣላት። ካለፈች ላይኛው ክፍል ትገባለች፤ ከወደቀች ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠቀልል ትኖራለች። አራተኛ ጊዜ እንደማትጠይቅ ለራሷ ምላለች።

አዳራሹን አቋርጣ ስታልፍ፣ ከጎኗ የምትሠራው ቤልኪስ ግማሽ ጨረቃ መሳይ የቅጠል መቁረጫ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየቻት።

«እህቴ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ የሬሳ ፊት መሰለ እኮ!»

«ቡና አልጠጣሁም።»

«ወይ ጉድ! ያለ ቡና ከገባሽማ ሲጋሩን ትተሽ ዳጎቤርቶን ነው የምትነክሺው!»

«ንከሽው! ንከሽው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ዳጎቤርቶ ከቀማሾቹ አንዱ ነው። ቀጭን ጢም አለው፤ ሰው ላይ ማሾፍ ይወዳል። የቀማሾቹ አለቃ ኦቪዲዮ ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰው ሁሉ መምህር እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሽታም ጫጫታም እንዳይገባ የቀማሾቹን ክፍል በር ሁልጊዜ ዘግተው ነው የሚሠሩት። ዞራይዳ ስትገባ ስኳር የሌለው ሻይ ቀዱላት። ከፊቷ አምስት የተለያዩ ሰዎች የጠቀለሏቸው አምስት ሲጋሮች ተደርድረዋል። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ማን እንደጠቀለላቸው፣ በየትኛው ቀን እንደተጠቀለሉ የሚናገረው ወረቀት ታጥፎ ከኦቪዲዮ ክርን ሥር ነበር።

«ልጄ፣ አትቸኩዪ» አሏት። «እስከ ግማሹ አጭሺ፣ ጻፊ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

የመጀመሪያው ግሩም ነበር። ጭሱ ሳይለመን ይመጣል፤ ምላስ ላይ የለውዝና የደረቅ እንጨት ጣዕም ይተዋል። ልቧ ተረጋጋ። ሁለተኛውም እንዲሁ ጀመረ፤ ወደ መሃሉ ሲጠጋ ግን ታነቀ። ጉንጯ እስኪጎደጉድ ሳበችው፣ የመጣው ግን እፍኝ የማይሞላ ጭስ ነው። ሻይ ጠጣች። ሦስተኛውም መሃሉ ላይ ታነቀ። አራተኛውም። አምስተኛውም! ተሳስቼ ይሆን ብላ ሁለተኛውን መልሳ ለኮሰችው። ያው ነው። ያገኘችውን ጻፈች።

እነዚያኑ ሲጋሮች ከእሷ እየተቀበለ የቀመሰው ዳጎቤርቶ፣ የጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «ቅጠሉ እርጥብ ነው» አለ። «ጭነቱ በሙሉ ይመለስ።»

«አንቺስ?» አሏት ኦቪዲዮ።

«መምህር፣ ቅጠሉ ጥፋት የለበትም። እርጥብ ቢሆን ምላስ ይቆነጥጥ ነበር፤ አመዱም ይጠቁር ነበር። ይኸው ይዩት፣ ነጭ ነው። ይሄ የእጅ ጥፋት ነው። ሲጠቀልሉት መሃሉን ጨምቀውታል።»

«አራት ሰው?» አለ ዳጎቤርቶ። «አራት እጅ አንድ ቦታ ላይ እኩል ተሳሳተ? ጓድ ዞራይዳ፣ ስብሰባ ጠርተው ነው ወይስ በደብዳቤ ተስማምተው?»

ዞራይዳ ዓይኗን የአመድ ሰሃኑ ላይ ስታሳርፍ፣ ከሦስተኛው ሲጋር ጫፍ ተቆርጦ የወደቀውን የቅጠል ቆብ አየች። በጣቷ አገላበጠችው። ጫፉ ላይ በአውራ ጣት ጥፍር የተጫነ ትንሽ ስርጉድ አለ። አክስቷ ናት እንዲህ መጨረስ ያስተማረቻት፤ በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ማንም እንዲህ አይጨርስም። ሲጋሩ የራሷ ነው!

ዝም ብትል ወረቀቱ እስኪገለጥ የሚያውቅባት የለም። ግን ይህን ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የጨመቅሁት ብላ ራሷን ጠየቀች። ያኔ ትዝ አላት። ትዝ ሲላት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች።

«ረቡዕ! አራቱም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው የተጠቀለሉት! የመጀመሪያው ብቻ ነው የሌላ ቀን!»

ኦቪዲዮ ወረቀቱን ገለጡ። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቱን አይታለች!» ጮኸ ዳጎቤርቶ። «መምህር፣ ይሄ ማጭበርበር ነው!»

«ማንም አልነገረኝም! ሦስተኛው የኔ ነው፣ በቆቡ ለየሁት። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፤ ይጻፍብኝ። ግን ምክንያቱን ስሙኝ። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ኢዳልሚስ ምን ስታነብልን ነበር?»

ኢዳልሚስ የአዳራሹ አንባቢ ናት። ከፍ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሠራተኛው ሲጠቀልል ልብ ወለድ ታነብለታለች። ያን ሳምንት የያዘችው ዓሣ አጥማጅ ባሏን ባሕር የበላባት የአንዲት ሴት ታሪክ ነበር።

«በሩ ተንኳኳ» አለች ዞራይዳ፤ ቃላቱ እየተሻሙ ይወጡ ጀመር። «ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ድምፁ ግን የሱ ነው! ክፈቺልኝ ይላታል! ሴትዮዋ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች፣ ኢዳልሚስ ደግሞ መጽሐፏን ጥርቅም! ቤልኪስ ጮኸች። ሁላችንም እጃችን ላይ ያለውን ሲጋር ጨብጠን ቀረን።»

ዳጎቤርቶ እስኪያስለው ሳቀ። «እና ሲጋሩን ያበላሸው የሞተ ዓሣ አጥማጅ ነው?»

«ትራንኪሊኖ የዚያን ቀን ከሰዓት የጠቀለለውን አስመጣ» አለችው። «እሱም የታነቀ ከሆነ ራሴ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።»

ዳጎቤርቶ ሳቁን ዋጠው። ትራንኪሊኖ ጆሮው እንደማይሰማ የማያውቅ የለም። ፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ይጠቀልላል፤ ሌሎቹ አንባቢዋን ለማመስገን ቢላዋቸውን ሰሌዳ ላይ ሲመቱ አይቶ ነው እሱም የሚመታው።

ኦቪዲዮ ማንንም አላዘዙም። ራሳቸው ደረጃውን ወርደው አንድ ሲጋር ይዘው መጡ። ለኮሱት። ተቀባበሉት። እሳቱ ሩቡን በላ፣ ከዚያ ወደ መሃሉ ተጠጋ። ኦቪዲዮ ሳቡ። ጭሱ እንደ ልቡ መጣ፤ ፊታቸውን ሸፈነው። ለዳጎቤርቶ ሰጡት። አንድ ጊዜ ሳበ፣ ደገመ፣ ሰለሰ። አራተኛውን ስቦ ሲያበቃ ሲጋሩን ማየት ጀመረ።

«የታደለ ሰው» አለ ቀስ ብሎ። «አልሰማም እኮ!»

ሽማግሌው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት በሬን ዘግቼ ቅጠል ስወቅስ ኖርኩ! ልጄ፣ ያ ወንበር ያንቺ ነው። ቁጭ በይበት።»

አልተቀመጠችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ቤልኪስ ፊቷን አይታ ቢላዋዋን ሰሌዳው ላይ መታች፤ ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ቀጥሎ ረድፉ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ትራንኪሊኖ ግራ ቀኙን አይቶ እሱም መታ። ዞራይዳ ሮጣ መላጣውን ሳመችው።

«ምን አደረግሁ?» አለ ጮክ ብሎ።

«የሰው ጉድ አልሰማህም!» አለችው። እሱንም አልሰማም።

ኦቪዲዮ በዚያው ቀን ኢዳልሚስን ጠርተው፣ ልብ የሚሰቅለውን ገጽ ሁሉ እጅ ሥራ ለሚፈታበት ለምሳ ሰዓት እንድታቆየው ለመኗት። እጇን አንስታ ማለች።

በቀጣዩ ሰኞ፣ ዞራይዳ በአዲሱ ወንበሯ ላይ ሆና ሦስተኛውን ሲጋር ትስብ ነበር። መሃሉ ላይ ሲደርስ ታነቀ። አስቀመጠችው። ከንፈሯ ሳቅ ሳቅ አለው።

«ምን ተገኘ?» አሉ ኦቪዲዮ።

«ኢዳልሚስ መሐላዋን አፍርሳለች፣ መምህር። ሴትዮዋ በሩን ከፍታለች!»

ዳጎቤርቶ የሻይ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ ማን ሆኖ ተገኘ? ባሏ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ ምን ይሰማል? ውረድና ጠይቅ።»

ቃሏን ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ፤ ዳጎቤርቶ ደረጃው ላይ ነበር።