ከሁለት ወገን የሚነበብ ግድግዳ

ችግሩ ግድግዳው ነበር። መንገዱ እዚያ ጋ ይታጠፋል፤ ትይዩ ያሉት ቤቶችም ተጠግተው ስለተሠሩ ግድግዳውን ከፊት ለፊት የሚያይ ሰው የለም። የሚያየው ሁሉ ከጎን ነው። ከጀርባው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ አለ፤ አዋላጇ ሲስተር የሰፈሩን ልጆች ስትቀበል የኖረችው እዚያ ነው። ክሊኒኩ ከመንገድ አይታይም። ምጥ የያዛት ሴት ከአውቶቡስ ስትወርድ የትኛውን ቅያስ እንደምትይዝ ሊነግራት የሚችለው ያ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ «ጋሽ ብሩሽ» የሚለው የማስታወቂያ ሠዓሊ ግድግዳው ላይ የመጻፉን ሥራ ሲቀበል መጀመሪያ ቀለም አልገዛም። ሄዶ ፌርማታው ላይ ቆመ። የሙያው ውበት እዚህ ጋ ይጀምራል። ከጎን የሚታይ ጽሑፍ ይጨማደዳል፤ ቅርብ ያለው ፊደል ይገዝፋል፣ ሩቅ ያለው ይቀጥናል። ስለዚህ የቅርቡን አሳንሶ፣ የሩቁን ለጥጦ መጻፍ ነው። ግድግዳው ሥር ለቆመ ሰው ጽሑፉ የሰከረ ይመስላል፤ ፌርማታው ላይ ለቆመ ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ሠዓሊው መሰላል ላይ ሆኖ ይህን ማየት ስለማይችል ሚስቱ ፌርማታው ላይ ትቆምለታለች። በዚያ ጫጫታ መጮህ አያዋጣም፤ የሚነጋገሩት በሻሿ ነው። ወደ ላይ ከዘረጋችው ደህና ነው። ወደ ጎን ካወዛወዘችው አስፋ፣ ከጠቀለለችው አጥብብ ማለት ነው። ትከሻዋ ላይ ከጣለችው ደምስሰህ እንደገና ጀምር ነው። «ማዋለጃ» የምትለዋ ቃል በዚህ አኳኋን ስድስት ቀን ፈጀች። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤቱን የሚያመለክተው ከእሷ እየቆጠረ ነበር፤ ከማዋለጃው ሦስተኛ በር፣ ከማዋለጃው ፊት ያለው ሱቅ እየተባለ።

ከዚያ ፌርማታውን አዛወሩት። ከግድግዳው ታች፣ ዳገቱ ግርጌ የነበረው በአንድ ጠዋት ከግድግዳው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ሆነ። ለሩቅ ተብላ የተለጠጠችው «ጃ» አሁን ቅርብ ሆና አውቶቡሱን ልትውጥ ደረሰች፤ ትንሿ «ማ» ርቃ ነጥብ አከለች። የአውቶቡስ ረዳቶች «ጃ ወራጅ አለ?» እያሉ ይስቁ ጀመር። ጋሽ ብሩሽ አልሳቀም። ፌርማታው ይመለስ ብሎ ሊያመለክት ሦስት ጊዜ ትራንስፖርት ቢሮ ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሠራተኛ፣ ፌርማታ ከማዛወር ግድግዳ ማዛወር እንደሚቀል በትህትና ነገረው።

ይባስ ብሎ አንዲት ነፍሰ ጡር ከአዲሱ ፌርማታ ወርዳ ቅያሱን ሳተች። ሆዷን ይዛ ጋራዡን ሁለት ጊዜ ከዞረች በኋላ አንድ መካኒክ ደግፎ አደረሳት። ልጁ በደህና ተወለደ። ሲስተር ግን በማግስቱ ሠዓሊውን አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ሥራዎን እንደማከብር ያውቃሉ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ግን የታተመ የፕላስቲክ ማስታወቂያ እሰቅላለሁ።»

«ፕላስቲኩ እኮ ከፊት ነው የሚነበበው፣ ሲስተር። ከፊት የሚያየው ማን አለ?»

«እሱስ ይሁን። ቢያንስ ‹ጃ› ብቻ አይልም።»

ያንገበገበው ይሄ ነው። ስለ ፕላስቲኩ ልክ መሆኑን ያውቃል፤ ማስረዳት ግን አልሆነለትም። ደግሞ ቃሏን ለአዲሱ ፌርማታ ቢጽፋት ከታች በእግር የሚመጡት ሊያነቧት አይችሉም። እንዳለች ቢተዋት ደግሞ ከአውቶቡስ የሚወርዱት ይስታሉ። ሁለት ቀን ብሩሽ ሳይነካ ዋለ። ሚስቱ እንደምትለው ከግድግዳው ጋር ተኳርፎ ነበር።

መላው የተገኘው ከመኝታ ቤታቸው መጋረጃ ነው። መጋረጃ ሲሰበሰብ ይታጠፋል፤ እያንዳንዱ እጥፋት ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ አልጋው ያያል። አልጋው ላይ የተኛ ሰው በበሩ በኩል ያለውን ፊት አያይም። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንቶቻችን መጋረጃ እያየን ይህን ሳናስተውል ተኝተናል? ጋሽ ብሩሽ ብረታ ብረት ቤት ሄዶ ግድግዳውን የሚሸፍን ላሜራ እንደዚያው አሳጠፈ። ሐሳቡ ወደ ታች በዞሩት ፊቶች ላይ ቃሏን አንድ ጊዜ፣ ወደ ላይ በዞሩት ላይ ሌላ ጊዜ መጻፍ ነው። ፊደሉ እንደ ዳቦ ይቆራረጥና በየእጥፋቱ ይበተናል፤ ከጎን ለሚያይ ግን ቁርጥራጮቹ ገጥመው አንድ ይሆናሉ።

ሐሙስ ጠዋት ከላዩ ወገን ጀመረ። «ማ»ን ሲጨርስ አዲሱ ፌርማታ ላይ ወደቆመችው ሚስቱ ዞሮ አየ። ሻሹ ትከሻዋ ላይ ነው። ደምስሶ ጻፈ። አሁንም ትከሻዋ ላይ። በሦስተኛው ብሩሹን ወርውሮ ዳገቱን ወጣ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ‹ማ›ህ ግን ከእናቶቹ ቀድማ አርግዛለች።»

ዞሮ ሲያይ እውነቷን ነው፤ «ማ» ሆዷ ተነፍቷል። ስህተቱ የእጁ ነበር። የታጠፈው ላሜራ ፊቱን አስቀድሞ ወደ ተመልካቹ አዙሯል፤ ከእንግዲህ መለጠጥ የለም። ቀኝ እጁ ግን ሠላሳ ዓመት የሩቅ ፊደል ሲለጥጥ ኖሯል፤ ጌታው እያወቀም ይለጥጣል። ከሰዓት በኋላም ለጠጠ። ማታ እራት ላይ እጁን እንደ ባለጌ ዘመድ ሲሰድበው አመሸ።

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ስምንት ሰዓት። ጋሽ ብሩሽ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በግራው ይጽፋል። ግራው ጣሳ ከመያዝ በቀር የተማረው የለም፤ መለጠጥም አያውቅ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ስፋቱ ግን ልክ ነው። ለ«ማ» እና ለ«ዋ» ሻሹ ወደ ላይ ተዘርግቷል። የታቹ ወገን ገና አልተነካም። አሁን «ለ»ን ጨርሶ ወደ ፌርማታው ዞሯል፤ አውቶቡስ መጥቶ ሚስቱን ከለላት። ከግራ እጁ ብሩሽ ቀለም እየተንጠባጠበ፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ መሰላሉ ላይ ይጠብቃል።