የፋሪዳ ጀሪካን

ፋሪዳ ያደገችው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ አጠገብ ነው። ንፋሱ ወደ ሰፈራቸው ሲዞር ምሳ ከነሽታው የሚበላበት ቤት ውስጥ ስላደገች፣ ቆሻሻ ስታይ የሚይዛት ማቅለሽለሽ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አግብታ ቤቴል ሰፈር ከገባች ወዲህም የግቢዋን ሲሚንቶ ጠዋት ማታ ትወለውላለች። ባሏ አብደላ፣ «ሲሚንቶው አልቆ አፈሩ ሊወጣ ነው» እያለ ይቀልድባታል። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው እንጀራዋ ሽንት ቤት ጽዳት ላይ የጣላት።

የምትሠራው ከከተማው ምዕራብ ዳር ባለች፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጥቂት ጥቂት መንገደኛ ይዘው በሚነሱባት አንዲት ማረፊያ ነው። የማረፊያዋን መጸዳጃ ቤት እንደ ሳሎኗ ነበር የምትይዘው። ይህ ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ አምሐ ከአንድ ስብሰባ «አረንጓዴ ኤርፖርት» የሚል ቃል ይዘው እስኪመለሱ ድረስ ነው።

ቆሻሻ፣ መብራትና ውሃ እንቀንሳለን አሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ማን ይጠላል። የሚያስጠይፈው አቀናነሳቸው ነው። ቆሻሻ እንዲቀንስ ብለው የቆሻሻ ቅርጫቶቹን አስነሱ፤ ሰዉም የልጁን ዳይፐር ከቧንቧው ጀርባ ይወትፍ ጀመር። መብራቱ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ እንዲበራ ተደረገ፤ ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ በጨለማ ግድግዳ ይዳብሳል። እጁ ምን ነክቶ እንደሚወጣ ባልናገር ይሻላል። ውሃውንማ ከዋናው መዝጊያ አነቁት፤ ቧንቧው እንደ ጉንፋናም አፍንጫ ጠብ ጠብ ብቻ ይል ጀመር።

ፋሪዳ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። «አቶ አምሐ፣ በዚህ ውሃ ሽንት ቤት አይታጠብም። ሰዉስ በምን ይታጠብ?»

«ልማድ ነው ፋሪዳ፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል» አሏት፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው። የእሳቸው ቢሮ መጸዳጃ ቤት መስመሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ውሃው እንደ ድሮው ይወርዳል።

ትታው መቀመጥ ትችል ነበር። ግን ማቅለሽለሹ አላስቀምጣት አለ። ቤቴል ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ተራቸው ሲደርስ በርሜል ሞልታ ካስቀመጠችው ላይ ጀሪካን እየቀዳች በታክሲ ይዛ ትመጣ ጀመር። አብደላ ከሶላት በፊት ለሚታጠብበት ውዱ የሚያስቀምጠው ውሃ ሲያንስበት፣ «ቤታችን ደርቆ ሽንት ቤታቸውን ታጠጪያለሽ?» አላት። በማግስቱም ጀሪካኗን ሞልታ ወጣች።

አንድ ቀን ኮሪደሩን ስትወለውል አቶ አምሐ ከዚያ ከስብሰባው ሰዎች ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማች። «ውሃውን በግማሽ ቀንሰናል፣ ንጽህናችን ግን ፍንክች አላለም። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።» መወልወያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ውሸታቸው ንጹሕ መስሎ የታየው በእሷ ጀሪካን ነው። ከዚያ ሁሉ ዳይፐር ይልቅ ራሷ አስጠላቻት።

የስብሰባው ሰዎች በእንግድነት ሊያዩ የሚመጡ ዕለት ባዶ እጇን ገባች። ይግቡና በዓይናቸው ይዩት፣ በአፍንጫቸው ይቅመሱት ብላ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሽታው መጠበቂያ አዳራሹ ደረሰ። አቶ አምሐ ግን እንግዶቹን በጓሮ በር አድርገው በቀጥታ ወደ ቢሯቸው ወሰዷቸው፤ ሻይም እዚያው ገባላቸው።

መጸዳጃ ቤቱ የገቡት አውሮፕላን የሚጠብቁ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ናቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ የቆሸሸ እጃቸውን ከነጠላቸው አርቀው ይዘው ወጡ።

«የምታጸጂው አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«እናትሽ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ የለም፤ የባሰባትም ይኸው ነው።

አቶ አምሐን አሳፍራለሁ ስትል የአሮጊት እጅ አስቆሸሸች። «ይምጡ እማማ፣ ይደገፉኝ» ብላ ክንዳቸውን ያዘች፤ አዳራሹን አቋርጣም የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

አቶ አምሐ ስለ እያንዳንዷ ጠብታ ክብር እያስረዱ ነበር። «ፋሪዳ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

በእንግዶቹ መሃል አልፋ የውስጡን በር ከፈተችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ውሃው እየጮኸ ወረደ። አንዱ እንግዳ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ቧንቧው ዞረ፤ አቶ አምሐ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር አልጨረሱም። አሮጊቷ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ተሸማቀው የጣታቸውን ጫፍ ብቻ ነከር አደረጉ።

«ዘና ብለው ይታጠቡ እማማ» አለቻቸው ፋሪዳ፣ «እዚህኛው ላይ ቁጠባ የለም።»