ጋሼ መኮንን ለናሆም ያሳዩት መጋጠሚያ

አራት ነበርን፤ አናጢው ጋሼ መኮንን፣ ልጃቸው ናሆም፣ እህቴ ሰላም እና እኔ።

ዛሬ ኒው አልባኒ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ (መጋዘን) ውስጥ ጠረጴዛ ሳወርድ የቫርኒሽ ሽታ መጣብኝ። ኮሮና ሊገባ ሰሞን ጋሼ ምሳ የጋበዙን እዚሁ ኮሎምበስ ያለው አሮጌ መጠጥ ቤት ትዝ አለኝ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አሠራር ተሠርቶ ሳይነካ የቆየ ነው፤ ቅጠል የተፈለፈለበት ባንኮኒ፣ ዳሩ አበባ የተሳለበት መስታወት፣ ከታች የነሐስ እግር ማሳረፊያ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእንጨት ሥራ ከቪዲዮ ብቻ እየለቃቀምኩ፣ ጋሼ አንድ ቀን ያስተምሩኛል ብዬ እጠብቅ ነበር።

ጋሼ ባንኮኒውን ዳበሱና የናሆምን እጅ ያዙ።

«ዓይንህን ጨፍን። የእንጨቶቹን መጋጠሚያ በጣትህ ፈልግ። ካገኘኸው አናጢው ሰነፍ ነበር ማለት ነው።»

«ኦኬ ዳድ፣ አይ ጎት ኢት» አለ ናሆም፣ ‹ገባኝ› ይሁን ‹አገኘሁት› ሳይለይ፣ በሌላ እጁ ስልኩን እየነካካ።

እኔም እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ሳቁ።

«አንተማ ራስህን አስተምረሃል፤ እኔ ምን ላሳይህ?»

ሰላም ሙገሳ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ባንኮኒውን ብቻዬን መዳበስ እችል ነበር፤ የፈለግሁት ግን እጄን እንዲይዙልኝ ነበር። ቅናቱ ዛሬም አለ።

አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። በተለይ አንተ ናሆም፤ ጣትህ መጋጠሚያውን አግኝቶት ነበር?