ጉርሜ የተባልኩበት ቤት

በጃንሆይ ዘመን ከሰበታ የወጣሁ ምሽት፣ የስንብት ግብዣው የእኔ ሆኖ ጠጁን ከጋኑ እየቀዳሁ የማዞረው እኔው ነበርኩ። በባላባታችን ቤት አሳላፊ ሆኜ ስላደግሁ ሌላ ሰው ቢቀዳ ነውር ነው ተባለ። ከእንግዲህ ሰው ሲበላ ቆሜ አላይም፣ እኔም ተቀምጬ እበላለሁ ብዬ ለአባቴ ነግሬ በጂቡቲ ባቡር ተሳፈርኩ።

ከዚያ በመርከብ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ስደርስ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጪው ሹም ሙያዬን ጠየቀኝ። ገና አላወቅሁም፣ ማሳለፍ ግን አልፈልግም አልኩት። አልፈልግም የሚባል ሙያ የለንም ብሎ አሳላፊ ወደሚፈልግ አንድ ሀብታም ሙሴ፣ የፈረንሳይ ጌታ ማለት ነው፣ ላከኝ።

ሙሴው ጉርሜ ነው። ጉርሜ ማለት፣ ወገኖቼ፣ ምግብ አዋቂ፣ ምላሱ የተከበረ ሰው ማለት ነው። ሆዳም እንዳልለው የሚበላው ጥቂት ነው፤ የማያልቀው ወሬው ነው። ሰፊ ሳህን መሐል አውራ ጣት የምታህል ሥጋ አስቀምጠው ሲያመሰግኗት ያመሻሉ። በሞቴ፣ ብሉልኝ የሚል የለም። የነፋሱ ብርድ ሱሉልታን ሞቃት ያሰኛል። የሚሸት አይባቸውን ተበላሽቷል ብዬ ልደፋው ስል የሙሴው ሚስት፣ ማዳም፣ ደርሳ አዳነችው። ያን ቀን የእናቴ አይብ በጎመን ትዝ ብሎኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ እራት ላይ ግን ጉድ ፈላ። ወይኑን ቅዳ ተባልኩ። እጄ የለመደውን አደረገ፤ እንዳገራችን ወግ፣ መርዝ የለበትም ለማለት መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ማዳም ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሙሴው ከቤቴ ውጣ አለኝ። ሥራዬ ከሄደ ፈቃዴም አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ እንግዳ፣ የቃላትን ምንጭ ሲያጠና የኖረ መምህር ነው።

«ቆይ፣ ጉርሜ እኮ እሱ ነው» አለ እኔን እያመለከተ። «ቃሉ ድሮ የወይን ነጋዴ አሽከር መጠሪያ ነበር። ቀምሶ ይሄ ደህና ነው፣ ያ ኮምጥጧል የሚለው አሽከሩ ነው። ስሙን በኋላ እኛ ጌቶቹ ወሰድነው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሙሴውም ወዲያው ተገልብጦ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ በየግብዣው «የኢትዮጵያው ጉርሜ» እያለ እንግዶቹ ፊት በመዳፌ ያስቀምሰኛል። ፈቃዴም ታደሰ።

ለፋሲካ ሰበታ ስልክ ቤት ደውዬ አባቴን አስጠራሁ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ልጄ? ሥራህ ምን ሆነ?»

«ጉርሜ ነኝ፣ አባባ። እዚህ ትልቅ ሰው የሚኮራበት ስም ነው፣ ይስሙኝ።»

«እሰየው። ታዲያ አሁን ተቀምጠህ ትበላለህ?»

መስመሩ እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም። እኔ ግን እንዳልተሰማኝ ሆኜ ሃሎ፣ ሃሎ እያልኩ ዘጋሁት።