ሰውዬው ሳይሞት የተቆፈረው ጉድጓድ

አልጣሽን ሰው የሚያውቃት በኮረሪማዋ ነው። ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት አላት፤ ከጫካ የለቀመችውን ኮረሪማ በክር እየሰካች ደጇ ላይ ታደርቃለች፤ የገበያ ቀን ተሸክማ ቦንጋ ትወርዳለች። ወሬ የሚባል ነገር አትወድም። ገዢ ሲከራከራት መልስ አትሰጥም፤ ዝም ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ትጀምራለች፤ ይሄኔ ሰውየው ራሱ አፍሮ ይከፍላል። እንዲህ ያለችዋን ሴት እግዜር ከማን ጋር ቢያጣምራት ጥሩ ነው? ከወልደሥላሴ ጋር!

አቤት ወልደሥላሴ! አፍ ዳገት አይፈራም የተባለው ለእሱ ነው። ልቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚያስቅ፣ ስብሰባ ላይ ዕድል ሳይሰጡት የሚናገር ሰው። ክፋት ግን የለበትም፤ ጎረቤት ሲታመም ቃሬዛ ለመሸከም ከእሱ የሚቀድም አልነበረም። ያ አፍ የተዘጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የበኩር ልጃቸው ልዑልቃል በሕፃንነቱ ትኩሳት ይዞት በሞተ ጊዜ። ያኔ ወልደሥላሴ ክረምቱን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ከረመ። አልጣሽ ያን ዝምታ ስላየችው ከዚያ ወዲህ ሲለፈልፍ "በቃህ" ብላው አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በላይኛው መስክ ነው። ላይኛው መስክ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። የመንደሩ ከብት በሙሉ እዚያ ይውላል፤ ምንጩም እዚያው ነው። አንድ ካምፓኒ መጣና እዚያ ላይ ትልቅ የመኖሪያ መንደር ልሠራ ነው አለ። ስብሰባ ተጠራ። አንድ ትሑት ወጣት ኢንጂነር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አሳየ፤ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ አስፋልት፣ የልጆች መጫወቻ። አልጣሽ ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን እያሰገገች አየች። በሥዕሉ ላይ መኪናው ሞልቷል፤ አንዲት ላም ግን የለችም።

"ከብቱስ?" አለ አንዱ።

"የምትክ ቦታው ጉዳይ ፕሮሰስ ላይ ነው" አለ ኢንጂነሩ።

ይሄኔ ወልደሥላሴ ተነሣ። "ስማ ልጄ፣ አንተን አልቆጣም፤ አንተ ተልከህ ነው። ለላኩህ ግን ንገራቸው። ቤቱን ከመሥራታችሁ በፊት እኔን እዚያ መስክ ላይ ቅበሩኝ! በመቃብሬ ላይ ማን መሠረት እንደሚያወጣ አያለሁ!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሞቅ አደረገውና አማርኛው አልበቃው አለ፤ ያንኑ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ደገመው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የተናገረውን ሰው የስብሰባ ወሬ ነው ብሎ ሊረሳለት ይችል ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስንቱ ይባላል! በካፊኖኖ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የተናገረው ግን ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ክረምቱ ሲገባ ወልደሥላሴ ታመመ። እግሩ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎ መድኃኒት ሰጠና ቤቱ እንዲያርፍ መለሰው። ሴት ልጃቸው አብርሆት ከምታስተምርበት ከዋጫ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ጎረቤቱም ለጥየቃ ይመላለስ ጀመር።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጥየቃ ነበር፤ ማር ይዘው፣ ቡላ ይዘው ይመጣሉ። እየቆየ ግን አልጣሽ አንድ ነገር ታዘበች። "ዛሬ ሻል ብሎታል፤ እህልም ቀመሰ" ስትላቸው ደስ ያላቸው አልመስል አላት። "ተመስገን" ይላሉ፤ ከዚያ በበሩ አሻግረው ወደ ላይኛው መስክ ያያሉ። ወይ ጉድ! ሰው ለታመመ ጎረቤቱ እንዲህ ያስባል? ያስባል እንጂ! ከብቱ የሚውልበት ሊጠፋበት ሲል ሰው ምን የማያስበው አለ?

አንድ ቀን የዕድሩ ዳኛ ተስፋሁን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ተስፋሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን በሙሉ በእነዚያ ላሞች ወተት ያሳደገ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እግዜር ይማርዎ። እንዲያው አያድርገውና... ያ ቃልዎ እንዳለ ነው?"

ድሮ መንገድ ሲሠራ ማሽኑ ትኩስ መቃብር አጋጥሞት ዞሮ አለፈ ተብሎ በአገሩ ይወራል። እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም። መንደሩ ያስገባው አቤቱታ ግን መልስ ስላላገኘ፣ የመንደሩ ተስፋ ሁሉ በዚህ ወሬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ወልደሥላሴ ከትራሱ ቀና አለ። "ታዲያሳ! ወልደሥላሴ ቃሉን የበላው መቼ ነው? ቆፍራችሁ ጠብቁኝ!" ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አልጣሽ ሳሉ እስኪያልፍለት ጀርባውን ደግፋ ያዘችው።

እነሱ ሲወጡ ዝናቡ መጣ። አብርሆት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስለነበር ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ወልደሥላሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አልጣሽ" አላት፤ ድምፁ የእሱ አልመስል አላት። "እኔ እዚያ መስክ ላይ ብቻዬን እፈራለሁ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ልጁ ያለው ደብሩ ግቢ ነው። እኔ ከእሱ ጎን እተኛለሁ፤ አንቺም በጊዜሽ ትመጪያለሽ ብዬ ነበር የማስበው። ያን ዕለት ያናገረኝ ጭብጨባው ነው። እዚያ እንዳታስቀብሪኝ።"

"ታዲያ ለተስፋሁን ልንገረው?"

"እንዳትነግሪው!" አለ ደንግጦ። "ወልደሥላሴ ፈራ እንዲሉኝ? ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለአብርሆትም ቢሆን። ከሞትኩ በኋላም ፈራ አታስብይኝ። በልዑልቃል ይዤሻለሁ!"

አይ የሰው ነገር! እዚያ አታስቀብሪኝ፤ እንቢ ማለቴንም አትናገሪ! ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሮ ጭንቁን ለእሷ ዝምታ ጥሎት ሊሄድ ነው። አልጣሽ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችለት። እጁን ይዛ "እሺ" አለችው።

በዚያው ሳምንት የካምፓኒው ዶዘር ቦንጋ ገባ ተባለ። በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቷል፤ ሰኞ ወደ መስኩ ይወጣል። ሐሙስ ጠዋት አልጣሽ ኮረሪማ ልትለቅም ወደ ጫካው ስትሄድ በላይኛው መስክ አቋረጠች። ከምንጩ በላይ ትኩስ ቀይ አፈር ተቆልሏል። ምን ይሆን ብላ ቀረበች። ዝናብ እንዳይገባበት በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየችው። ወልደሥላሴ ቁመተ ረጅም ነው፤ ጉድጓዱንም አስረዝመውታል። አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሲያውቅ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ኮረሪማውን ትታ በቀጥታ ተስፋሁን ደጅ ሄደች። ላሙን ሊያልብ ጥጃ እያሰረ ነበር።

"ተስፋሁን! ሰውዬው እኮ አሁን ቤቱ ተቀምጦ አጥሚት እየጠጣ ነው!"

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። "ይማሩኝ እትዬ አልጣሽ። ቆፍራችሁ ጠብቁኝ ብለውን የለ? መሬቱ ደግሞ ድንጋያም ነው፤ በድንገት ከሆነ አይደርስም ብለን..."

"ቢድንስ?"

ተስፋሁን ገመዱን ከመሬት አነሣ። ቀና ብሎም አላያትም። "ዶዘሩ ሰኞ ይወጣል" አለ በመጨረሻ።

እሱ እኮ አይፈልግም የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። በልጇ ስም ተይዛለችና ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ስትገባ ወልደሥላሴ እግሯን አየ። "ከየት መጣሽ?"

"ከጫካ።"

"የጫካው አፈር ጥቁር ነው። እግርሽ ላይ ያለው ቀይ ነው።" ወደ በሩ አየና "ቆፈሩት፣ አይደል?" አላት።

አልጣሽ ጎንበስ ብላ እግሯን መታጠብ ጀመረች። እሱም ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ከዚያ ቀን በኋላ እህል የሚባል ነገር አልቀመሰም።

ዓርብ ዕለት ጠያቂ መጣ። ሰው ሲያይ አሁንም ያው ወልደሥላሴ ነው! "ቦታው ሸጋ ነው አሉ" አላቸው፤ "ምንጩ ቅርብ ስለሆነ ውኃ አይጠማኝም!" ሰዎቹ ሳቁለት፤ አንጀተ ቆራጥ ነው ተባባሉ። ከብርድ ልብሱ ሥር ግን የአልጣሽን እጅ ጨምቆ ይዞት ነበር፤ አጥንቷ እስኪያማት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አብርሆት ውኃ ስታጠጣው አረፈ። አልጣሽ ጮኸች። ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር፤ ይወዱታል። በዚያው ልቅሶ መሐል ግን ወንዶቹ በዝግታ "እሑድ ከተቀበረ ለሰኞ ይደርሳል" ሲባባሉ ሰማች። ተነሥታ ብትጮኽባቸው በወደደች፤ ግን እነሱም ጨንቋቸው ነው።

መምሬ ገብረኪዳንን አስጠርታ ጠየቀቻቸው። "ፍትሐቱን በደብሩ አደርሳለሁ" አሏት ቄሱ። "ከዚያ ወዲያ የት ይረፍ የሚለው የቤተሰብ ነው። የሕዝቡንም ዕንባ አያለሁና እኔ አልፈርድም።" የቤተሰብ ማለት የአልጣሽ ማለት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እሑድ ፍትሐቱ አለቀ። ዝናቡ ያካፋል፤ የደብሩ ግቢ በጃንጥላ ተሞልቷል። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አንሥተው ወደ በሩ ማምራት ሲጀምሩ አልጣሽ ከሴቶቹ መሐል ወጣችና እንጨቱን ያዘችው።

"አውርዱት። እዚሁ ከልጁ ጎን ይቀበራል።"

ተስፋሁን ቀረብ ብሎ በለሆሳስ "እትዬ፣ የሟች ቃል ነው እኮ። ሁላችንም ሰምተናል" አላት።

"ሰምታችኋል።"

"ታዲያ ቃላቸው ይታጠፍ?"

"ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም።"

"ካምፓኒው ስንት ቤት ሰጣት ይሆን?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አንዲት ሴት ደግሞ "ጀግናውን ሰውዬ በቁሙ ሳይሆን በሬሳው አዋረደችው!" አለች። አብርሆት የእናቷን ክንድ ያዘች። "እማዬ፣ አባዬ የነገረሽ ነገር አለ እንዴ?"

"የለም!" አለች አልጣሽ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። "እስከ መጨረሻው በቃሉ ነበር። ፈሪዋ እኔ ነኝ! ባሌን ሜዳ ላይ ብቻውን ጥዬው ቤቴ ገብቼ መተኛት አልችልም። መስደብ ከፈለጋችሁ እኔን ስደቡኝ!" በሰው ፊት ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

"እኛስ?" አለ ተስፋሁን። ዕንባው መጣ። "ነገ ዶዘሩ ሲወጣ ምን እናሳያለን? ባዶ ጉድጓድ?"

ዕንባውን ስታይ ልቧ ተሰበረ። የእሷም ላም የምትውለው እዚያው ነው፤ ከምንጩ ስትቀዳ ነው ያረጀችው። ቀጥሎ ከአፏ የወጣውን ከቤቷ ስትወጣ አላሰበችውም ነበር።

"ጉድጓዱን አትድፈኑት" አለች፣ ሽማግሌዎቹን በየተራ እያየች። "ነገ አብረን እንወጣለን። ይሄ ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ የኔ ነው ብዬ ለማሽነኛው እነግረዋለሁ። ጊዜዬ ሲደርስም እዚያ አግቡኝ። በእሱ ፈንታ እኔ ቃሌን ሰጥቻችኋለሁ።"

ያች አዋረደችው ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በነገራችን ላይ ዶዘሩ ያን ሰኞ አልወጣም፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ቀረ። ከዚያም በኋላ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ያን ዕለት ግን ይህን ማን ያውቃል? ጎረምሶቹ ቃሬዛውን መልሰው አሳረፉና ዶማና አካፋ ፍለጋ ሮጡ።

የልዑልቃል መቃብር አጠገብ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ ዶማውን ከማንሣቱ በፊት እንደ ወጉ አልጣሽን ጠየቃት።

"እትዬ፣ ወደ ልጁ አስጠግተን እንቆፍር? የእርስዎ ቦታ እንዲተርፍ..." አለና አሁን የሰማው ትዝ ብሎት ደነገጠ።

አልጣሽ ቦታውን አየችው። የልጇን መቃብር አየች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"አታስጠጉት" አለች። "መሐሉ ላይ ቆፍሩት። ሰፋ ብሎ ይተኛ።"