የባልዲው ተራ

የያዙኝ ከሰቆጣ ገበያ ሳሙና ገዝቼ ስመለስ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆኑና «አንዴ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ጥያቄው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም። መምህር ነኝ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ሌላው ዝም ሲል እኔ ተናግሬ ነበር፤ እሱ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

የወሰዱኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። መስኮት የለም። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ብሎኬት የጎደለበት ቀዳዳ አለ፤ ፀሐይ ጠዋት ጠዋት የምትገባው በዚያ ብቻ ነው። በሩ ሥር ደግሞ ባልዲ አለ። ከመሸ ስለማያስወጡን የሁላችንም ሽንት ቤት እሱ ነበር። ጠዋት ተረኛው ይዞት ይወጣና ደፍቶ፣ አለቅልቆ ይመልሰዋል።

እኔ እዚያ ቤት ውስጥ መኝታ ላዘጋጅ፣ ልደላደል የሚል ሐሳብ አልነበረኝም። ነገ እወጣለሁና። ጫማዬን አላወልቅም፤ ጃኬቴን እንደለበስኩ ግድግዳ ተደግፌ አነጋለሁ። ሳሙናዬን ፈትሸው መልሰውልኝ ስለነበር ከነወረቀቱ ኪሴ ውስጥ አለ። ስወጣ ልታጠብበት ወስኛለሁ። ቁልፍ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ከቤት ስንቅ ሲመጣልኝ ፌስታሉን እንኳ በቅጡ አልፈታውም። ሰውነቴ አለቀ። አጠገቤ የነበረው የባጃጅ ሹፌር «መምህር፣ አንተ በሩን ስትጠብቅ በሩ ራሱ ደከመው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቄሱ የመጡት ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። የደሃና ወረዳ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸውን በር ላይ ያስወለቋቸው። ለምን እንደተያዙ ስንጠይቃቸው «ለታጠቁ ሰዎች እንጀራ ሰጥተሃል ተባልኩ። የራበው ሰው ቤቴ ይመጣል፤ ትጥቁን ማን አየው» አሉ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ምሥራቅ በየት ነው?»

ቀዳዳውን አሳየናቸው።

እኛ ስንተኛ ራሳችንን ከባልዲው አርቀን ወደ ቀዳዳው እናደርጋለን። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን በሩ ሥር አነጠፉና ራሳቸውን ወደ ባልዲው፣ እግራቸውን ወደ ቀዳዳው አድርገው ተጋደሙ።

«አባ፣ ተሳስተዋል እኮ። ራስዎ ባልዲው አጠገብ ነው» አለ ሹፌሩ።

«አልተሳሳትኩም ልጄ። ሰው ሲቀበር እግሩ ወደ ምሥራቅ የሚሆነው ለምንድን ነው? ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ብድግ ብሎ ፊት ለፊት እንዲያየው ነው። እኔም ስነሣ እንዳልደናበር ብዬ ነው።»

«ዛሬ ይመጣል?»

«እንጃ። ቢመጣስ?»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁና አማትበው ተኙ። ያን ዕለት የደላው እንቅልፍ የተኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ፀሐይ በቀዳዳው ስትገባ ያገኘቻቸው ጸሎታቸውን ጨርሰው ጋቢያቸውን ሲያጥፉ ነው።

ዕድሜያቸውን አይተን የባልዲው ተራ ይለፍዎት ብንላቸው እንቢ አሉ። «እኔስ ስጠቀምበት አላያችሁም?» አሉ። ወለሉንም በተራቸው ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ሹፌሩ የመጥረግ ተራው ሲደርስ ጋደም እንዳለ፣ «አባ፣ ስምንተኛው ሺ ገብቶ ምን ያስጠርጋል? ዓለም አብቅቶላት የለም?» አላቸው።

«እንግዳ ሊመጣ ነው ቢሉህ ቤትህን አትጠርግም?» አሉት።

እያጉረመረመ ተነሥቶ ጠረገ።

ወደ እኔም መጡ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጠው ያልፈታሁትን ፌስታል ተመለከቱ።

«አንተ ልጅ፣ የማትበላው፣ የማትተኛው ምን ሆነህ ነው?»

«እየጠበቅኩ ነው አባ።»

«ምን?»

«በሩ እስኪከፈት።»

«እኔም እጠብቃለሁ» አሉ። «ይመጣል ሲሉኝ ነው ያደግሁት። እንዳንተ ብጠብቅ ኖሮ ሚስትም አላገባ፣ ገብስም አልዘራ ነበር።»

ፌስታሉን ፈትተው ቂጣውን ቆርሰው ሰጡኝ። ተናደድኩ። እርስዎ የሚጠብቁት የሚያስቸኩል አይደለም፤ እኔ ልጆች አሉኝ ልላቸው ፈልጌ ተውኩት። ቂጣውን ግን በላሁት።

የደብረ ዘይት በዓል በዋለ በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ በሩ ተከፈተና ጠባቂው «ቄሱ፣ ከነዕቃህ ውጣ» አለ።

ከነዕቃህ ሲባል ወይ ወደ ቤት ነው፣ ወይ ወደማይታወቅ ቦታ። እንዲህ ተብለው ወጥተው ወሬያቸው የጠፋ ነበሩ። ውጭ የመኪና ሞተር ይሰማል። ቄሱ ባልዲውን አንሥተው ቆመዋል፤ ተራቸው ነበር።

«ባልዲውን ተወው፤ መኪና ቆሟል» አለ ጠባቂው።

«ደፍቼው ልምጣ።»

«ሌላ ሰው ይደፋዋል።»

«ተራው የኔ ነው።»

ጠባቂው የአካባቢው ልጅ ነው። ቄሱ በኽምጣኛ ትንሽ ነገር አሉት፤ እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ ምን እንዳሉት አልገባኝም። ልጁ መሬት መሬት አየና ከበሩ ዞር አለ። «በሉ ቶሎ ይበሉ እንግዲህ» አላቸው፤ አንተ ማለቱንም ተወ።

ወጡ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ወደ ቤት የሚወስዳቸው ከሆነ ጥሏቸው ይሄዳል፤ ካልሆነም አዘገየኸን ብለው ይደበድቧቸዋል ብዬ ፈራሁላቸው። እኔ ብሆን ባልዲውን ወርውሬ እሮጥ ነበር። እሳቸው አለቅልቀው፣ ውኃውን አራግፈው ተመለሱና ባልዲውን በቦታው አኖሩት። ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ ተራው ያንተ ይመስለኛል» አሉኝና ወጡ።

በማግስቱ ባልዲውን ይዤ ስወጣ ሳሙናውን ከወረቀቱ አወጣሁት። ባልዲውን በሳሙና ፈትጌ አጠብኩ፤ ከዚያ እጄን፣ ፊቴን፣ አንገቴን። የተረፈውን ለሹፌሩ ሰጠሁት። ሲመሽ ጫማዬን አወለቅኩ።

ከተፈታሁ በኋላ ደሃና ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። በወልድያ በኩል ወስደዋቸው፣ ብዙ አቆይተው ነበር የለቀቋቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ድንጋይ ከሰዎች ጋር ሲክቡ ደረስኩ።

«ያን ጠዋት የት እንደሚወስዱዎት ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ከየት አውቄ?»

«አልፈሩም ታዲያ?»

«ፈርቻለሁ እንጂ» አሉ። ድንጋዩን አስተካክለው አስቀመጡ። «ባልዲው ግን ሙሉ ነበር።»

እንደሳቸው አምናለሁ ለማለት አልደፍርም። መዝገቤም አልተዘጋም፤ ስንፈልግህ ትመጣለህ ተብዬ ነው የተለቀቅሁት። ባለፈው ሳምንት እያስተማርኩ ሳለ ዘበኛው መጥቶ ሁለት ሰዎች በር ላይ እንደሚጠብቁኝ ነገረኝ። ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ነበር። ጨረስኩት፣ ተማሪዎቹ እስኪገለብጡ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ወጣሁ። ሰዎቹ ልጅ ሊያስመዘግቡ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እጄ ጠመኔ ስለነበረበት የእጄን አንጓ ሰጥቼ ሰላም አልኳቸው።