አባቴ ያልተቀበሩበት በዓል

አባቴ ኦክላንድ ሆስፒታል ውስጥ ያረፉት ጎህ ሲቀድ ነው። ጊዜው ጳጉሜ ነበር። በኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ወሎ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ያረፈ ሰው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። እናቴም የያዘችው ይህንኑ ነው። ሳረዳት አልጮኸችም። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰችና ቀብሩ ለዙህር ይደርስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይደርሳል አልኳት።

ከሳን ሆዜ እስከ ሪችመንድ ላለው የአገር ሰው ሁሉ ተነገረ። ሾፌሩ ሥራውን ተወ፣ ሚልፒታስ ፋብሪካ የሚሠራው ፈረቃውን ለሌላ ሰጠ። አባቴን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ እንኳ መጣ፤ እኛ ለሠርግ ብንቀር ለቀብር አንቀርም። እሳቸውም አገር ቤት ሳሉ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ያልሄዱበት ቀብር አልነበረም። ሲመለሱ እናቴ ደጃፍ ላይ ውሃ በጣሳ ይዛ ትጠብቃቸዋለች፤ የመቃብር አፈር ከእጅ ሳይለቅ ቤት አይገባም። "ቀባሪ አያሳጣን" እያሉ ነበር የሚታጠቡት።

መስጊድ ታጥበው ተከፈኑ። ግቢው በሰው ሞላ። እኔም በሐዘኔ ውስጥ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ይሄኔ የሙስሊሞችን ቀብር የሚያስፈጽመው ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝና የቀብር ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው ቢሮ ዝግ መሆኑን ነገረኝ። በዓል ነው አለ። የምን በዓል ስለው፣ ካሊፎርኒያ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ የሆነችበት ቀን ነው አለኝ።

ስንት ዓመት በዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ እንዲህ ያለ በዓል ሰምቼ አላውቅም። መንገዱ ያው የሥራ ቀን መንገድ ነው። ሱቁም ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው። ባንዲራ የሰቀለ የለ፣ ርችት የተኮሰ የለ። የሂጅራውን፣ የአገራችንንና የፈረንጁን ዘመን አቆጣጠር ይዘን ስንኖር፣ አራተኛው ካልጠበቅነው ቦታ መጣብን። ሽማግሌውን የኛ ሬሳ አያድርም ብዬ አፋጠጥኩት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሙስሊም ሲቀብር የኖረውን ሰውዬ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። እሱ ግን አልተቀየመኝም። ተረኛ ፈራሚ አለ፣ እየደወልኩለት ነው፣ ምናልባት ለዐስር ሶላት ይደርስልን ይሆናል አለኝ።

ኢማሙ አንድ ሐሳብ አመጡ። ሰው ከተሰበሰበ አይቀር ለሬሳው የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት አሁን ይሰገድ፣ ቀብሩ ፈቃዱ ሲመጣ ይደርሳል አሉ። እናቴን ልጠይቅ ሴቶቹ ጋ ሄድኩ። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣለች። በዓሉን ትምህርት ቤት ተምራው ኖሯል፤ የካሊፎርኒያ የልደት ቀን ነው ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችን፣ እኔ ተረጎምኩ። እናቴ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት።

"ይቺ አገር ተወለደች ተብሎ የኔ ሰው አይቀበርም?" አለች።

የኢማሙን ሐሳብ ስነግራት እንቢ አለች። በኛ አገር ከሶላቱ በቀጥታ ወደ መቃብር ነው፤ ሰግዶ ሬሳውን ጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። አሁን ከሰገዱ ይበተናሉ ብላ ፈራች። ኢማሙ ሊጨክኑባት አልቻሉም፤ ሶላቱ ይቆይ ተባለ።

የዐስር ሶላት ደረሰ። ተረኛው ስልክ አያነሳም። ሰዎቹ ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ እጄን ጨብጠው፣ አንድ በአንድ ወጡ። ማታ ፈረቃ ያለባቸው ናቸው፣ ምን ይበሉ? እጃቸውን ይዤ አትሂዱብኝ ማለት አማረኝ። ፀሐይ ገብታ ለመግሪብ ሶላት ግቢው ባዶ ሆነ፤ አባቴ ውስጥ አደሩ። እንደዚያ ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። አገሩን ሁሉ ጠላሁት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ፈቃዱ መጣ። እንደገና መደወል ጀመርኩ። ትናንት ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ሚልፒታስ ያለ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ ትናንት አሞኛል ብዬ ሲክ ኮል አድርጌ ነው የመጣሁት፣ ዛሬ ካልገባሁ ያባርሩኛል" አለኝ። ሌሎቹም ያው ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ያን ቀን ግን ፈርጄባቸው ነበር።

ኢማሙና ሽማግሌው ሲጨመሩ እንኳ በጣት የምንቆጠር ሆነን ሰገድን። እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ መጥታ መኪናዬ ውስጥ ገባች። በኛ ወግ ሴት መቃብር አትወርድም። ማንም ደፍሮ አልተናገራትም።

እኔና ሽማግሌው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተን ተቀበልናቸው። ስንወጣ አካፋ የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ደክሟቸዋል። አካፋውን ተቀብዬ ቀና ስል እናቴ ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ትገፋለች። አንዴም ቀና አላለችም። ጉድጓዱን በአፈር አብረን ሞላነው።

ቤት ደርሰን መኪናዋን አቆምኩ። ደጃፍ ላይ ውሃ ይዞ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም። ከወንበሩ ሥር የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ከፈትኩና እጅሽን አምጪ አልኳት። ዘረጋችልኝ። ውሃው ሳይነካት መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

"ታጥቤ የምገባው ማን ጋ ነው?" አለችኝ።